የውድቀት ገማቹና የአስካለ መደብ

ከተማችን ስም አላት። ስሟን እዚህ ብጽፈው ግን ሌሎች ከተሞች ይቀናሉ፤ ስለዚህ እተወዋለሁ። እናንተ ይህን ካወቃችሁ ይበቃችኋል፤ በአገሩ ሁሉ እንደ እኛ አምሮበት የሚፈርስ ቤት ያለው ሕዝብ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

ሌላው ሕዝብ ቤት ሲሠራ ብርዱን ይከላከላል ወይ፣ ስንት ሰው ይይዛል፣ ለልጅ ልጅ ይደርሳል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲወድቅ ምን ይተርፈዋል? ያንን የሚተርፈውን የፍርስራሽ ዋጋ እንለዋለን። ነገሩ የተጀመረው በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው ይባላል። ትልቅ ነፋስ መጥቶ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ጣላት። የሁሉም ቤት ድቅቅ ሲል የአንድ አናጺ ቤት ብቻ ምንም ሳይሰበርበት ተበታትኖ ተገኘ። ሰውዬው ሰነፍ ስለነበር ምስማሩን እስከ ወገቡ ድረስ ይመታና ይተወው ነበር። ወራጁንም ቆርቆሮውንም እንደነበረ ለቃቅሞ፣ ሌላው ሰው ገና ሲያለቅስ፣ እሱ ቤቱን መልሶ አቆመ። ቅድመ አያቶቻችን ቤቱ መጀመሪያ ነገር ለምን እንደ ወደቀ አልጠየቁም። እንዴት አምሮ እንደ ወደቀ ግን አይተው ተደነቁ። ያ አናጺ ዛሬ አደባባዩ ላይ ሐውልት አለው፤ ሐውልቱም በቀላሉ እንዲፈታ ሆኖ የተሠራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደረጃ ወጣልን። ቤትህ ቢፈርስ ከፍርስራሹ የሌላ ቤት ሩብ የሚወጣ ከሆነ ባለ እርቦ ትባላለህ። ሲሶ ቢወጣለት ባለ ሲሶ፣ ግማሽ ቢወጣለት ባለ እኩሌታ ነህ። ምንም የማይወጣለት ሰው ባለ አፈር ነው፤ ይህን ቃል በመካከላችን ለስድብ እንኳ የሚደፍረው ጥቂት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለ ሙሉ የሚባል አለ፤ ፈርሶ አንዲት ነገር የማይጎድልበት፣ ከፍርስራሹ ራሱን የሚያህል ቤት የሚወጣለት ማለት ነው። በሕጋችን ሰፍሮ ይገኛል እንጂ እዚያ ደረጃ የደረሰ ሰው አይተን አናውቅም ነበር።

በዓመቱ ድግስ የምንቀመጠው በዚሁ ተራ ነው። ልጅ የምንድረውም እንዲሁ ነው። ሙሽሮችን የምንመርቀው «ውድቀታችሁ ያማረ ይሁን» ብለን ሲሆን፣ የሰርጉ ጭፈራ በትከሻ ብቻ ነው፤ ያለ ጭቃ የተደረደረ ድንጋይ ስለሚንሸራተት ቤት ውስጥ እግር ማንሳት ክልክል ነው። ምግብ የምናበስለው ውጭ ነው፤ ጥቀርሻ የወራጅ ዋጋ ይቀንሳላ! ሲዘንብ አንዱ ጃንጥላ ይይዛል፣ ሌላው ያማስላል። የቤታችን በር እንዳያረጅ በጆንያ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ በሩ መኖር በነበረበት ቦታ መጋረጃ ይንጠለጠላል። ምስማሮቻችን ሁሉ ወገባቸው ድረስ ውጭ ስለሆኑ ትከሻው ላይ ያልተቀደደ ልብስ የለበሰ የአገሬ ሰው አታገኙም። በሌላ ከተማ ገበያ ስንገናኝ የምንተዋወቀው በቀዳዳችን ነው። ያቺን ቀዳዳ ሳይ ልቤ በኩራት ይሞላል፤ አሁንም ድረስ።

ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ሁሉም ባለ አፈር ናቸው። ቤታቸውን በጭቃና በጭድ አጣብቀው ይለስኑታል፤ ቢፈርስ አካፋ እንጂ ሸክም አይወጣውም። ቤት ውስጥ እሳት እያነደዱ፣ በራቸውን ዘግተው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲስቁ ድምፃቸው ወንዙን ተሻግሮ ይሰማናል። እኛም ጃንጥላችን ሥር ሆነን እናዝንላቸዋለን።

አሁን ወደ ባይለየኝ ልምጣ። ባይለየኝ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ነው። ስለ ልቡ የምናገረው ሁሉ ኋላ ራሱ የነገረኝ ስለሆነ ከየት አመጣው አትበሉኝ። ሥራው ቋጣሪነት ነው። በከተማችን ምስማር ያልደረሰበትን ሁሉ በገመድ ስለምናስር ቋጣሪ ትልቅ ሰው ነው፤ ባይለየኝ ደግሞ የቋጣሪዎች ሁሉ ራስ ነበር። ጫፉን አንዴ ሳብ ስታደርገው ጣሪያው በሞላ የሚፈታ ቋጠሮ ፈልስፏል። ያቺን ቋጠሮ ለማየት ሰዎች ከሩቅ መንደር ይመጣሉ፤ እሱም ቀና ብሎ «አትንኳት ብቻ!» ይላቸዋል።

ቤቱን ብታዩት ዓይናችሁን ትጥሉበታላችሁ። ድንጋዩ ታጥቦ የተደረደረ ነው። ቆርቆሮው ዝገት አያውቅም፤ ዝናብ ሲመጣ ባይለየኝ ወጥቶ ሸራ ያለብሰዋል። የዚህ ሁሉ ዓላማ አንድ ነበር፤ ባለ ሙሉ መሆን። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሌላ ሕልም አልነበረውም። በድግሱ ቀን ከሁሉ ፊት የሚነጠፈውን፣ ማንም ተቀምጦበት የማያውቀውን ምንጣፍ ሲያይ አፉ ውኃ ይሞላ ነበር ብሎኛል።

እንቅፋቱም አንድ ብቻ ነበር፤ የሚስቱ የአስካለ መደብ።

አስካለ የወንዝ ማዶ ልጅ ናት። ባይለየኝ ሊያገባት ሲጠይቅ እናቷ እማማ ጠጂቱ ሌላ ጥሎሽ አልፈለጉም። «ልጄ የምትቀመጥበትን መደብ በእጄ እሠራላታለሁ፤ እሱን ብቻ ፍቀድልኝ» አሉት። በሰርግ ሰሞን እንቢ የሚል ሙሽራ የት አለ? ፈቀደ። አሮጊቷ አፈሩን ከማዶ በአህያ አስመጥተው፣ ከጭድ ጋር አቡክተው፣ ጓዳው ጥግ ላይ ከግድግዳው ጋር አጣብቀው መደቡን ሠሩት። በዚያው ዓመት አረፉ። መቃብራቸው ማዶ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ አያሻግርም። ስለዚህ አስካለ ክረምቱን በሙሉ እናቷን ስታስብ የምትቀመጠው መደቡ ላይ ነው። ከመደቡና ከጆሮዋ ጉትቻ በቀር ሌላ የእናቷ የሆነ ነገር አልነበራትም። ባይለየኝ ራሱም ቢሆን ገመድ ሲጎትት ውሎ ወገቡን ሲያመው ሰው እንዳያየው መጋረጃውን ዝቅ አድርጎ እዚያው ላይ ይጋደም ነበር።

መደብ ግን በሕጋችን አፈር ነው። ሲፈርስ የሚነሳ ነገር የለውም።

ግምቱ የሚካሄደው እንዲህ ነው። በበጋው መጨረሻ የውድቀት ገማቹ ጋሽ ጥላዬ ቤት ለቤት ይዞራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ደጅህ ላይ ቆሞ ዓይኑን ይጨፍንና ቤትህን በልቡ ያፈርሰዋል። ከአፉ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። «ቆርቆሮው ወረደ፣ ወራጁ ተፈታ፣ ድንጋዩ ተናደ» እያለ ይቆይና ዓይኑን ሲከፍት ደረጃህን ይነግርሃል። ቤተሰቡ እስከዚያ ድረስ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይቆማል፤ ቤት ወድቋላ! ንፍሮም ይቀርባል። ደረጃው ከተነገረ በኋላ ነጠላው ይገለበጥና እልልታ ይቀልጣል። ጋሽ ጥላዬ ሥራውን ሲጀምር መሐላ አለበት፤ በሰው ላይ ቤት አያፈርስም። ስለዚህ ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት «ቤቱ ባዶ ነው?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። ዕቃው ይወጣል፣ ሰው ይወጣል፣ ድመቷ ሳትቀር ትወጣለች። ባለቤቱም «ባዶ ነው» ይላል።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ጥላዬ የባይለየኝን ቤት ሲያፈርስ ብዙ ቆየ። ዓይኑን ሲከፍት ዕንባ አቅርሮ ነበር።

«እንዲህ የሚያምር ውድቀት አይቼ አላውቅም» አለ። «አንዲት ምስማር አልጠፋችም። ከመደቡ በቀር ሙሉ ነው።»

«ከመደቡ በቀር?» አለ ባይለየኝ።

«ከመደቡ በቀር። ባለ እኩሌታ ነህ፤ ሕጉ በመካከል ደረጃ የለውም።»

ያን ዕለት ባይለየኝ ንፍሮውን ሳይቀምስ ቀረ።

ዘንድሮ ደግሞ ነገሩ የሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። የአገሩ እንደራሴ አዋጅ አወጡ፤ ባለ ሙሉ ቤት የተገኘባት ከተማ በአገሩ ጉባኤ ከሁሉ ፊት ትቀመጣለች አሉ። የክምር ሹሙ አቶ ዘርጋው ይህን እንደ ሰሙ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ወደ ባይለየኝ ቤት መጡ። የክምር ሹም ማለት የከተማችን ፍርስራሽ ሁሉ በሥርዓት መከመሩን የሚቆጣጠር ትልቅ ሰው ነው።

«ልጄ፣» አሉት፣ «የዚህች ከተማ ክብር በአንዲት የጭቃ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ ይቅር?»

«እኔማ ምን በወጣኝ፣ ክቡር ሹም» አለ ባይለየኝ። «የባለቤቴ ነው።»

«ሚስትህ የማን ናት?»

«የኔ ናት።»

«በቃ! ገማቹ ሲመጣ መደቡ እንዳይኖር። የእንደራሴው መልእክተኛም በዓይኑ ሊያይ ይመጣል። ቃል ግባልኝ።»

ባይለየኝ ቃል ገባ። ከዚያም መጋረጃውን ገልጦ ገባ። አስካለ መደቡ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ትከሻውን እየሰፋችለት ነበር።

«ሰማሽ አይደል?» አላት።

«ሹሙ ሲናገሩ ወንዝ ማዶም ይሰማል።»

«እና ምን ትያለሽ?»

«አላፈርሰውም እላለሁ።»

«አስካልዬ፣ አፈር እኮ ነው። እናትሽ ነፍሳቸውን ይማረውና እሳቸውም ቢሆኑ...»

«እናቴን ተዋት» አለችው መርፌውን ሳታቆም። «አንተ ቤትህ ሲወድቅ የሚተርፍህን ስታስብ ኖረሃል። እኔ ደግሞ ሳይወድቅ የምቀመጥበት ፈለግሁ። ይኼ ብዙ ነው?»

ባይለየኝ ቆጣ ብሎ ወጣ። ዶማ ይዞ ሲመለስ አስካለ ገበያ ሄዳ ነበር። መደቡ ፊት ቆሞ ዶማውን ከፍ አድርጎ አንዴ ለቀቀበት። መደቡ ወይ ፍንክች! የዶማው እጀታ ተሰበረና ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተንቀጠቀጠ፤ ከጥጉ አንድ የታጠበ ድንጋይ ዱብ ብሎ እግሩ አጠገብ አረፈ። ሁለተኛ ቢመታ ገማቹ ሳያፈርሰው ቤቱ ራሱ ሊፈርስ ነው። በቤቱ ውስጥ ምት የሚችል መደቡ ብቻ ነበር። ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ቦታው መለሰው፣ የተሰበረውን እጀታ ደበቀው፣ ከዚያም ሳያስበው መደቡ ላይ ቁጭ አለ። በውስጡ ንዴትም እፍረትም ነበረ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አላወቀውም።

የግምቱ ቀን ከተማው በሞላ ወጣ። የእንደራሴው መልእክተኛ ከሐር ጃንጥላ ሥር ወንበር ተሰጣቸው። እኛ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቆምን። ንፍሮው በሰፊ ትሪ መጥቷል። በሩ ከቤቱ ጋር ስለሚቆጠር ከነአልጋው ውስጥ ቀርቷል፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል፣ ድመቷም ተይዛለች። ባይለየኝ መደቡ አለመፍረሱን ለሹሙ አልነገረም። ገማቹ ምናልባት ዘንድሮ ዓይኑ ይስት ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም።

ጋሽ ጥላዬ ደጁ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቤቱ ባዶ ነው?»

ባይለየኝ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ሕዝቡ መካከል አስካለን ፈለጋት። አጣት።

«እኔ አለሁ!» አለ ድምፅ ከውስጥ። «መደቤ ላይ ተቀምጫለሁ!»

ጉድ ፈላ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አቶ ዘርጋው ፊታቸው ጠቆረ፤ መደቡ አለመፍረሱን ያወቁት ያኔ ነው።

«ወይዘሮ አስካለ፣» አሉ፣ መልእክተኛውን በጎን እያዩ፣ «ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይውጡ። ተመልሰው ይቀመጡበታል።»

«አልወጣም። ማን አታፍርሱ አላችሁ? ጋሽ ጥላዬ ዓይናቸውን ይጨፍኑና ያፍርሱ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ጋሽ ጥላዬ ሰው አክባሪ ነው፤ እንቢ ማለት ከበደው። ዓይኑን ጨፈነ። «ቆርቆሮው ወረደ» አለ። «ወራጁ ተፈታ። ድንጋዩ... ድንጋዩ...» ዓይኑን ከፈተ። «አልቻልኩም። እዚያ ተቀምጣለች። ቀና ብላ እያየችኝ ነው።»

መልእክተኛው ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሕጉ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

ሹሙ ሕጉን በቃላቸው ያውቁት ነበር። «ሕጉ ቤት ሲወድቅ ውስጡ የነበረ፣ ሳይጎዳ የተረፈ ማንኛውም ነገር ከፍርስራሹ ይደመራል ይላል፣ ጌታዬ። ሰው ይውጣ የሚለው የገማቹ የግል መሐላ ነው።»

«እንግዲያው ሴትዮዋም ትገመታ!» አሉ መልእክተኛው።

ሹሙ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። «እውነትም! የጆሮዋ ጉትቻ አይጎዳም። ቀለበቷም አለ። ነጠላዋ ታጥቦ ይለበሳል።»

«ጫማዋ አዲስ ነው፣ ባለፈው ቅዳሜ ነው የገዛችው» አለ ከኋላ አንዱ።

«ጉትቻው የብር ነው የወርቅ?»

«የወርቅ ነው። የእናቷ ነበር።»

ይህን ሁሉ የተባባሉት በክፋት አልነበረም። ሁሉም ሊረዱ ፈልገው ነው፤ ጎረቤት ችግር ሲደርስበት እንደምናደርገው እያንዳንዱ የሚያውቀውን አዋጣ። ጋሽ ጥላዬ ከመሐላው በሹም ትእዛዝ ተፈትቶ፣ ራሱን ዞር አድርጎ፣ ዓይኑን እንደገና ጨፈነ። ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ሲጨርስ ዓይኑን ከፈተ።

«የመደቡን ጉድለት የወይዘሮዋ ጌጥ ሞላው» አለ። «ቤቱ ሙሉ ነው።»

እልልታው ሰማይ ነካ። ነጠላ ተገለበጠ፤ ሰው ተቃቀፈ። በአባቶቻችን ዘመን ያልታየ ነገር በእኛ ዘመን ታየ! ሹሙ ባይለየኝን አጥብቀው አቀፉት። «ባለ ሙሉ! ባለ ሙሉ ባይለየኝ!» እያሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አሁንም ልደብቀው አልችልም።

ባይለየኝ ግን እንደ ደነዘዘ ቆሞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ቃል ጆሮው ገብቷል፤ ሆዱ ውስጥ ግን አልወርድ አለው። ከሹሙ እቅፍ ወጣና ጋሽ ጥላዬን በእጁ ያዘው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉትቻው ተረፈ፣ ነጠላው ተረፈ፣ ጫማው ተረፈ። አስካለስ?»

ጋሽ ጥላዬ ግራ ተጋባ። «እሷማ አትተርፍም» አለው በለሆሳስ፣ እንደሚያጽናና ሰው። «ከግምቱ ውስጥም አላስገባኋት። አትስጋ፤ ደረጃህን አትነካውም።»

ባይለየኝ እጁን ለቀቀው። ኋላ ሲነግረኝ «ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴን ወድቆ አየሁት» ብሎኛል። «ሁሉም ነገር ታጥቦ በሥርዓት ተከምሯል። ጉትቻዋ ከላይ ተቀምጧል። ደግሞ ሁሉም እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል።»

ሕዝቡን ሰንጥቆ፣ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ውጭ ያለነው ሰዎች የምንሰማው በደንብ ነው፤ የኛ ግድግዳ ከድምፅ አይከልልም።

«ምን አሉህ?» አለችው አስካለ።

«ባለ ሙሉ ሆነሃል አሉኝ።»

«መደቡ ሳይፈርስ?»

«ጉትቻሽን ቆጥረው።»

አስካለ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተቋረጠ፣ እያለቀሰች ነበር መሰለኝ። ባይለየኝም «አይዞሽ፣ ተነሽ አልልሽም። እዚያው ተቀመጭ» አላት። አልጋው ሥር ሲያንኳኳ ሰማን። በጆንያ ከተጠቀለለው በር አጠገብ የአባቱ መዶሻ ነበረ። በእኛ ከተማ መዶሻ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ የተከበረው መሣሪያችን ምስማር መንቀያው ጉጠት ነው።

የመጀመሪያው ምት ሲሰማ እልልታው ተቋረጠ።

ባይለየኝ የጀመረው ከመደቡ በላይ ካለው ወራጅ ነው፤ ግድግዳው እዚያ ጋ መደቡን ተደግፎ ስለቆመ አይነቃነቅም። ምስማሩን ከወገቡ እስከ አናቱ አስገባው። ከዚያ ሁለተኛውን። እንጨቱ አፍኖ ያዘው፤ ከእንግዲህ ቢነቀል እንኳ ተጣሞ፣ እንጨቱንም ሰንጥቆ ነው የሚወጣው። ጋሽ ጥላዬ ሙያው አላስቀምጠው ስላለ ዓይኑን ጨፍኖ ውጭ ሆኖ ይከተለው ነበር።

«ሙሉነቱ ተሰበረ» አለ በሐዘን። «አሁን ባለ እኩሌታ ነው።»

መዶሻው ቀጠለ።

«ባለ ሲሶ።»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ከተማችንን አታዋርድ!» ብለው ሹሙ ጮኹ። ባይለየኝ ጆሮ አልሰጣቸውም። ሊጨምር ያዘጋጀውን ምስማር በአፉ ይዞ ነበርና ቢፈልግም መመለስ አይችልም ነበር።

«ባለ እርቦ» አለ ጋሽ ጥላዬ። ከዚያ ባይለየኝ ወጣና ያቺን ባንድ ስበት የምትፈታውን ቋጠሮ በሁላችንም ፊት ሌላ ቋጠሮ ደራረበባት። ሕዝቡ ልጅ የወደቀበት ያህል «ውይ!» አለ። ጭቃ አቡክቶ በድንጋዮቹ መካከል በእጁ መጠቅጠቅ ሲጀምር ጋሽ ጥላዬ ዓይኑን ከፈተ፤ ከዚያ በላይ ማየት አልቻለም።

«ባለ አፈር» አለ። «ይህ ቤት ቢወድቅ አንድ ሸክም አይወጣውም።»

ባይለየኝ ጭቃ የለበሰ እጁን አራግፎ ቀና አለ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀና ብሎ አይቼው አላውቅም፤ ቋጠሮውን ሊያዩ የሚመጡትን እንግዶች ሲቀበል እንኳ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ እንደ ወጉ አንዴ ጠይቀኝ» አለው።

«ምን ልጠይቅህ?»

«የምትጠይቀውን።»

ገማቹ ደጁ ላይ ቆመ። «ቤቱ ባዶ ነው?»

«ቤቱ ሰው አለበት!» አለ ባይለየኝ። አፉን ሞልቶ፣ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ በሩን ከጆንያው አውጥቶ ሰቀለውና ከውስጥ ዘጋው። ብዙዎቻችን በር ሲዘጋ ሰምተን ስለማናውቅ ደንግጠን ወደ ኋላ አፈገፈግን።

መልእክተኛው ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄዱ። የፊት ወንበሩ አመለጠን። ሹሙ ተቆጥተው ንፍሮውን አስነሱት። እኔም ወደ ቤቴ ስገባ መጋረጃው ላይ ያለው ምስማር እንደ ሁልጊዜው ትከሻዬን ያዘኝ። ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ክረምቱ ገባ። ከአጥሩ ማዶ ጭስ ይወጣል፤ ባይለየኝና አስካለ ቤት ውስጥ እሳት አንድደዋል። ሲስቁም ይሰማኛል። ጃንጥላ ይዤ ድስት ሳማስል ያዘንኩላቸው ጊዜ ነበር ማለት አልችልም።

የዓመቱ ድግስ ሲደርስ እንደ ተራችን ተቀመጥን። ባይለየኝና አስካለ ትንሽ ዘግይተው መጡ። ልብሳቸው ትከሻው ላይ አልተቀደደም፤ አንዱ እንግዳ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባይለየኝ ባዶውን የባለ ሙሉ ምንጣፍ አለፈው፤ ዘወር ብሎም አላየው። የባለ እኩሌታዎቹን ረድፍ፣ የቀድሞ ቦታውን አለፈ። የባለ ሲሶዎቹንም፣ የባለ እርቦዎቹንም አልፎ ከደጁ አጠገብ፣ ሰው ጫማውን ከሚያወልቅበት ቦታ ደረሰ። እዚያ ማንም ስለማይቀመጥ ምንጣፍ አልተነጠፈም ነበር። አስካለ ነጠላዋን አነጠፈችና ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእናቷ ጉትቻ ጆሮዋ ላይ ነበር።

አስተናጋጁ ለወጉ «የማን ደረጃ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ባይለየኝ እባላለሁ» አለ። «ይቺ አስካለ ናት። ባለ አፈር ነን።»

ይህን ሲል ድምፁ ከሹሙ ምርቃት ይልቅ ደመቅ ብሎ ተሰማ። አንዳንዶች ሳቁ። ሌሎች ግን መሳቅ ጀምረው ተዉት።

እኔ ባለ ሲሶ ነኝ፤ ነበርኩ ማለቴ ነው። ከድግሱ በፊት የነበረውን ሳምንት የባይለየኝን መዶሻ ተውሼ ነበር። ስለዚህ ከቦታዬ ተነስቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ወደ ደጁ ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ። ምንም አልጠየቀኝም። ትከሻዬን፣ ያልተቀደደውን ልብሴን አየና ጠጋ አለልኝ።